ስለ አባቴ ፊት እና ስለ «ወርቃማ ምሽት»

ለተከበሩ የፎቶ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ስብሰባ ላይም ቢሆን ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎ፣ ከነማሽኖችዎ ጭምር በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደህና ነን ማለት ለምዶብናል፤ ስንጠየቅ ሳናስብ እንመልሳለን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ምናልባት ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲያልፉ ዓይንዎ ያርፍበት እንደሆነ ብዬ ነው። ተናድጄም አይደለም። ንዴት ቢመጣልኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ እስካሁን አልመጣም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። አባቴ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ካሜራ ሲያይ ሰበብ ፈጥሮ ጓሮ የሚገባ ሰው ስለነበረ፣ በሁላችን ስልክ ውስጥ የቀረልን ጀርባው፣ ክርኑ፣ ቢበዛ ደግሞ ቆቡ ነው። ጡረታ ሲወጣ ግን መሥሪያ ቤቱ የእርስዎን ፎቶ አንሺ ጠርቶ ኖሮ፣ ማምለጫ አጥቶ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተነሣ፤ ያውም እየሳቀ። ከዚያ በኋላ ጉበቱን ታመመ። ፊቱ ቢጫ ሆነ፣ የዓይኑ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ሆነ፤ ያስታመምነው ሁሉ አሁን ዓይናችንን ስንጨፍን የሚመጣብን ያ ቢጫ ነው። እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደህና ጊዜ ፊቱን በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን እንድሰቅልላት፣ ያንን ሌላውን እንዲያስረሳት። ፎቶው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ወደ እናንተ መጣሁ። ከመጣሁ ወዲህ የተደረገልኝን ሁሉ፣ ውለታ እንዳይጠፋ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ቤታችሁ ውስጥ እያንዳንዱን ፎቶ ከባዶ ጀምረው፣ ብርሃኑን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ፣ የቆዳውን ቀለም ለብቻ እያዩ የሚያስተካክሉ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ያኔ ደንበኛ ቀጠሮ ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። አሁን «ወርቃማ ምሽት» የተባለው ፕሪሴት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተሰናድቶ የተቀመጠው የቀለም ቅንብር፣ በመጣው ፎቶ ሁሉ ላይ ስለሚደፋበት፣ የአባቴ ፊት እኔ ወንበር ፈልጌ ሳልቀመጥ ደረሰልኝ። ቢጫ ሆኖ። ከነዓይኑ። በሽታው ስንት ወር የለፋበትን እናንተ በአንድ ጠቅታ ጨረሳችሁት።

፪ኛ. ደንበኛን ከደንበኛ ባለማበላለጥዎ አመሰግናለሁ። ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳችሁን አየሁት፤ ሙሽራዋም፣ አራሱ ሕፃንም፣ ተመራቂውም፣ የእግር ኳስ ቡድኑም ሁሉም ጀምበር ስትጠልቅ የተነሡ ናቸው። በዚህ ከተማ ረፋድ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። እንግዳ ተቀባይዋን ስጠይቃት፣ ይህ የቤታችን መለያ ነው፣ ያየ ሁሉ የእኛ ሥራ መሆኑን ወዲያው ያውቃል አለችኝ። እውነቷን ነው። የእናንተ መሆኑን ወዲያው አውቀናል፤ የእኛ መሆኑን ነው ማወቅ ያቃተን።

፫ኛ. ደንብ አክባሪነትዎ የሚደነቅ ነው። እኚያ ሴትዮ አሁን ስልክ እንዲያነሡ ተመድበዋል። ፎቶውን ገና ሲያዩት ነገሩ ገብቷቸው፣ ዋናው ይምጣልኝና በእጄ ልሥራላቸው ብለው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን፣ በእጅ ማስተካከል ከቀረ ወዲህ ለእኔ ብቻ ተብሎ ቢፈቀድ ሌላው ደንበኛ ቅር ይለዋል አሉ። የትኛው ደንበኛ ብዬ ብጠይቅ በጥቅሉ ነው አሉኝ። ዋናው ፎቶም ቢሆን ፕሪሴቱ ካረፈበት በኋላ ቦታ እንዳይዝ ይሰረዛል፤ እሱም ደንብ ነው። አባቴ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ለሰው ቦታ ለቆ ጥግ ይዞ የሚቆም ሰው ነበር፤ በእናንተ ቤት ቦታ አጣበበ መባሉን ባይሰማ ይሻላል።

፬ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ቁጥሩ ደርሶበት ነው። እናቴ ፎቶውን ስታየው አላለቀሰችም። ታሞ ሳለ ለምን አነሣችሁት አለችኝ። ታሞ አይደለም እማዬ፣ ቀለሙ ነው አልኳት፤ ስለ ፕሪሴት፣ ስለ ቤቱ መለያ፣ ስለ ደንቡ የገባኝን ያህል አስረዳኋት። እሺ አለች። ከዚያ አንሶላ አምጥታ ሸፈነችው። እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ረዳኋት፤ አንሶላው መታጠቡን ብቻ አስተዋልኩ።

፭ኛ. በመጨረሻ አባቴን ሳታማክሩን ለማስታወቂያ ስለመረጣችሁት ክብር ተሰምቶናል። መስኮታችሁ ላይ በቁመት የተሰቀለው ሰው እሱ ነው፤ በቀኝ በኩል «በኋላ» ተብሎ ቢጫው፣ በግራ በኩል «በፊት» ተብሎ ደህናው፣ ጠይሙ፣ ጥርሱ የነጣው፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰው። ከላይ «ልዩነቱን ይመልከቱ» ይላል። ተመለከትን። ተሰረዘ የተባለው ፊት ቁልቁል ሲስቅብኝ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ፣ ገብቼ ያንን ግማሽ ብቻ አትማችሁ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። የማስታወቂያ ክፍሉ ንብረት ስለሆነ ለግለሰብ አይሰጥም ተባልኩ። ግለሰብ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ልመናዬ እንግዲህ አንዲት ናት፤ ማስታወቂያው ጊዜው ሲያልፍና ሲወርድ፣ ከመጣሉ በፊት የግራውን ግማሽ በመቀስ ቆርጣችሁ ስጡን። የተጨማደደም ቢሆን ቅር አንሰኝም።

ለማሽንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለደንብዎ ጽናት፣ ለስብሰባዎ ፍሬ እየተመኘሁ፣ ስልክ የሚያነሡትን ሴትዮ እጅ እየነሣሁ፣ የጎደለ ምስጋና ካለ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በመስኮታችሁ በግራ በኩል የሚስቀው ሰው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥበቃ ሠራተኛችሁ፣ ጠዋት ጠዋት መጥታ መስተዋታችሁን በሻሿ የምትወለውለውን ባልቴት አዲስ የተቀጠረች ጽዳት መስላው ኖሮ፣ ግማሹን እየተውሽ ነው ብሎ እንደተቆጣት ሰምቻለሁ። አልተቀጠረችም፤ እናቴ ናት። «በፊት» ከተባለው ወገን ሌላ ስለማታይ፣ የቀኙን እርስዎ ያስወልውሉት።