የልጄ ቢሮ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ

ለወንድሜና ለረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባዬ፤

ጤንነትህን አስቀድሜ እየጠየቅሁ፣ ይህች ፖስት ካርድ ጠባብ ናትና ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እጽፍልሃለሁ። ልጄ የምትመራው ትምህርት ቤት በመምህራን፣ በወላጆችና በተማሪዎች ጉባኤ ራሱን ያስተዳድራል። አንተና እኔ መስኮት ለማስቀየር እንኳ የበላይ አካልን ደብዳቤ እንጠብቅ ነበር፤ እዚህ ግን ቁርጡ በዕለቱ ይታወቃል።

ትናንት በጉባኤው የተነሣው ጉዳይ የልጄ ቢሮ ነበር፤ ምድር ቤት ያለ፣ ብርሃን የሚገባበት ሰፊ ክፍል ነው። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ፣ «እትዬ ዳይሬክተር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ሆኖ ትንንሾቹ ደረጃውን ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል። ክፍልዎን ይልቀቁልን» አለች። ልጄ፣ «ወላጅ ሲመጣ እኔን ከየት ያግኘኝ?» ብላ አጥብቃ ተከራከረች፤ እጅ ሲቆጠር ግን ተረታች። በእንግድነት ከኋላ የተቀመጥሁት እኔ ፊቷን ተመለከትሁ። እርሷ ሳቅ ብላ፣ «እሺ፣ አሸነፋችሁኝ። ታዲያ ጠረጴዛዬን ወደ ፎቅ ለማውጣት ማን ያግዘኛል?» ስትል፣ የደገፏትም የተቃወሟትም እኩል ተነሡ።

ይህ ትምህርት ቤት የጸናው በዚህ ነው፤ የተረታውም ሰው ዕቃ ያነሣል። እንዲህ ያለች ልጅ በማሳደጌ ኮራሁ።

እኔም ብድግ ስል አንድ አናጺ ወላጅ፣ «አባባ፣ እንግዳ ድምፅ አይሰጥም፤ መሸከም ግን አይከለከልም!» ብሎ ወንበሯን አሸከመኝ።

ቦታው አለቀብኝ። ለባለቤትህ፣ ለልጆችህና ለልጅ ልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ዛሬ ወገቤን ያመኛል፤ ወንበሩን ለማንም ሳላቀብል ላይ ድረስ ማድረሴን ግን ለሁሉም ንገርልኝ።