ያለ ማኅተም አላስገባም

እህቴ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ «ኮምፒውተሩን እንዳትነኪው፣ አታውቂበትም» ስትዪኝ ዝም ብዬ ቻልኩ። ዛሬ ግን ራስሽ ሊኑክሱን፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ላድስ ብለሽ ጀመርሽና ከቢሮ ሲደወልልሽ «ሲጠይቅሽ እሺ በዪው!» ብለሽኝ ሮጥሽ።

ጠየቀኝ። ፊደል ከፊደል እያያያዝኩ አነበብኩት፦ እነዚህ የፕሮግራም ጥቅሎች ከማን እንደመጡ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ይጫኑ ወይ?

እኔን ነው የሚጠይቀው! ሃያ ዓመት መድኃኒት መጋዘን በር ላይ ቆሜ ማኅተሙ የተላጠ ካርቶን ስመልስ የኖርኩትን! የእናታችን ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አይሆንም አልኩት።

ከዚያ ለኮምፒውተር ጠጋኙ ደወልኩ። «እትዬ፣ ማኅተሙን የሚያረጋግጥበት ቁልፍ ጊዜው አልፎበታል» አለኝና የሚጻፈውን እየነገረኝ አዲሱን አመጣን። የቁልፉ መለያ አርባ ፊደልና ቁጥር አለው። እሱ ከሊኑክሱ ሠሪዎች ድረ ገጽ፣ እኔ ከስክሪኑ፣ አንድ በአንድ ተናበብን። «እትዬ፣ እኔ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም» አለ። እንዴት እንደሳቅኩ! ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

እድሳቱን እንደገና ሳስጀምረው ያ ማስጠንቀቂያ ድራሹ ጠፋ። ሁሉም ባለማኅተም ነው፤ አስገባሁት። ፎቶዎቹም ደህና ናቸው።

ምሳሽ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው። ጠዋት የጮህኩብሽን ደግሞ...
በቃ፣ ጥሩውን ቁራሽ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። ሥራ ገብቻለሁ፤ ስትፈልጊው መጋዘን ደውዪ፤ ማንነትሽን አጣርቼ እነግርሻለሁ።