ነጠብጣብ አይደለም

የካቲት 13፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

ኮምፒውተር ክፍል ነኝ። ተማሪዎቼ ወጥተዋል። መብራት አለ። ኔትወርክ ከምሳ በኋላ መጣ፤ ይዞት የመጣው የዶ/ሩን ኢሜይል ነው። አ.አ ሆኖ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የሚያማክረኝ እሱ ነው። አራት መስመር። ያገኘሽው ፕላኔት ሳይሆን የኮከቡ ነጠብጣብ ነው ይላል። ወጣት ኮከብ ፊቱ ነጠብጣብ ይበዛዋል፤ ሲሽከረከር ይደበዝዛል፤ ልምድ የሌለውን ያሳስታል። ርዕስ ቀይሪ። ሰቆጣ ሆነሽ የሚያመችሽን ያዢ፤ ለምሳሌ የፊዚክስ አስተማማርን። እስከ ወር መጨረሻ አሳውቂኝ።

የሚያመችሽን! ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስሚኝ ደብተሬ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ኮከብ ስከታተል መክረሜን አንቺ ታውቂያለሽ። በዓይኔ አይደለም፤ ሕዋ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ የለካውን ብርሃን ነው የማየው። ለማንም ክፍት ነው፤ ቁጥር በቁጥር። ኮከቡ ገና ልጅ ነው። በዙሪያው ያለችው ፕላኔትም እንዲሁ፤ የተወለደችበት ትኩሳት ያልበረደላት፣ አየሯ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ። እንዲህ ያለችውን ያላየ፣ የእኛ ምድር በልጅነቷ ምን ትመስል እንደነበር በምን ያውቃል? በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ለጥቂት ሰዓት ዝቅ ይላል። አራት ጊዜ ዝቅ ሲል አግኝቻለሁ፤ በየአሥራ አንድ ቀኑ። ኮከቡ ራሱን የሚዞረው ደግሞ በሦስት ቀን ነው። ነጠብጣብ ከሆነ ለምን በሦስት ቀኑ አልመጣም?

አልቀይርም።

የካቲት 15፣ እሑድ

ንዴቴ አልበረደም። አባቴ ከጋዝጊብላ መጡ። ነገ ሆስፒታል የዓይን ሞራቸው ይነሣል። መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት። ፊትሽ ለምን ጠቆረ አሉኝ። ነገርኳቸው። ከመምህር ጋር መሟገት ደግ አይደለም አሉ። እርስዎም ከመምህርዎ ጋር ተጣልተው ከደሃና በእግርዎ ተመልሰዋል አልኳቸው። ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

የካቲት 18፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆነላቸው። አንዱ ዓይን ታሽጓል፤ ሌላው ድሮም ደካማ ነው። ማንበብ አይችሉም። ሥራ መፍታት ደግሞ አይወዱም። ለራሳቸው በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ያጉረመርማሉ።

«እስቲ ይኸ ኮከብሽ የሚለውን አንብቢልኝ» አሉ።

ቁጥር ብቻ ነው አልኳቸው።

«ቁጥር መች አስፈርቶኝ ያውቃል?»

ላፕቶፑን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አነብባለሁ፤ መደቡ ላይ ጋደም ብለው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። የት እንደሚወርድ አልነገርኳቸውም። ጣታቸው ቆመ። «ወረደ» አሉ። ቀጠልኩ። «ተመለሰ።» ልክ ናቸው! ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ያዙት። አራተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸኛውስ ወደቀ እንጂ አልወረደም።»

«ምን ልዩነት አለው አባቴ?»

«ሌሎቹ በደረጃ ነው የሚወርዱ። ይኸ ከጣራ እንደ ወደቀ ሰው ነው። ሲመለስም ከነበረበት አልፎ ሄደ።»

ተናደድኩ። ግን የቴሌስኮፑን መዝገብ ከፈትኩ። በዚያች ሰዓት ቴሌስኮፑ ተንቀጥቅጧል። ሰባት ወር ሙሉ የመሣሪያ ስህተትን ፕላኔት ብዬ ቆጥሬያለሁ። ሰረዝኩት። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ሦስቱን፣ የኮከቡን የራሱን የብርሃን መዋዠቅ ከቁጥሩ ሳላጠራ፣ እንደመጡ አየኋቸው። አሉ። በጥሬውም አሉ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

አራተኛው ስህተት ነበር ብዬ ለዶ/ሩ ጻፍኩ። እውነቱን መደበቅ አልፈለግሁም። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ፤ ሦስቱም እንደዚያው ይሆናሉ አለ። ጥሬውን ያየ አይመስለኝም።

አባቴ ሰሙና ሳቁ። «ፋሲካ ካለፈ በኋላ ፋሲካን ቢያወጡት ማን ያመሰግናል? አስቀድመሽ ቀኑን ንገሪው።»

ይኼን እንዴት አላሰብኩትም! ቴሌስኮፑ እኔ ያየሁትን ከለካ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው ኮከብ ተመልሷል። ያንን ፋይል አላየሁትም። ሳላወርደው አሰላሁ፤ ፕላኔቷ የምታልፍባቸው ሁለት ቀኖች ወጡ፤ ግማሽ ቀን ወዲህ ወይ ወዲያ። ለዶ/ሩ ላክሁ። ከሌለ ርዕሱን እቀይራለሁ አልኩት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሦስት ጊዜ ማውረድ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ተቋረጠ። የኮምፒውተር መምህሩ ንጉሤ የራሱን ተራ ለቀቀልኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ማሽኑን ጠበቀልኝ። 11፡00 ላይ አለቀ። አልከፈትኩትም። ፈራሁ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ነው። ያን ዕለት ቴሌስኮፑ መረጃውን ወደ ምድር ለመላክ ፊቱን አዙሯል። ከሁሉም ቀን ያን ቀን!

ሁለተኛው። ካልኩት አራት ሰዓት ዘግይቶ። ጥልቀቱ ልክ እንደ ሦስቱ። በደረጃ ወርዶ፣ በደረጃ ተመለሰ።

ንጉሤ ወንበር ገልብጦ ተነሣ። 4፡30 ላይ ክፍል ገብቼ ስለ ሰበቃ አስተማርኩ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ዶ/ሩ ደወለ። ከኢሜይል ውጪ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው። ጥሬውን አሁን አየሁት፣ ተሳስቻለሁ አለ፤ ይኼን አልክድበትም። ከዚያ ግን ነገሩ አሁን ከአንቺ አቅም በላይ ነው፣ እዚህ ጥሩ ኔትወርክ ያለው ተማሪ አለኝ፣ እሱ ይጨርሰው፤ ምስጋናው ላይ ስምሽ ይገባል አለ። ይቀልሻልም አለኝ።

«የለም ዶክተር። ተማሪዎ ሊያግዘኝ ይችላል። ሥራው ግን የእኔ ነው።»

«ሰቆጣ ሆነሽ እንዴት አድርገሽ?»

«እስካሁንስ የት ሆኜ የሠራሁት መሰለዎት?»

ላስብበት ብሎ ዘጋው። አልተጸጸትኩም።

የካቲት 30፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

ከዶ/ሩ መልስ የለም። አባቴን መናኸሪያ ሸኘሁ። የታሸገው ዓይን ተፈትቷል፤ የመኪናውን ታርጋ ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

ከዚያ ቀጥታ ር/መምህሩ ቢሮ። ዩኒቨርሲቲው ሄጄ ጽሑፌን ላቀርብ የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። በትምህርት መሀል? አለ። አዎ፣ በትምህርት መሀል። ንጉሤ ክፍሌን ይሸፍናል። ካልተቀበሉሽስ? አለኝ። ያልተቀበሉበትን ምክንያት ጽፈው ይስጡኝ፣ ያንን ይዤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ አልኩት። አጉረመረመ፣ ፈረመ።

ለዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሁሉንም ላክሁ፤ የተሳሳትኩበትን አራተኛውን፣ አስቀድሜ የነገርኩትን ቀን፣ የተገኘውን። ለዶ/ሩም ግልባጭ። ርዕሱ ያው ነው። ከርዕሱ ሥር ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። ወደ አ.አ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ተብሏል። ሐሙስ ጠዋት እሳፈራለሁ፤ ርዕስ የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ራሴ ቆሜ አቀርበዋለሁ።