ሌዘሮቹን ይዣቸው ሄጃለሁ

መርዋ፣
ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።
የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ዓይን ሐኪም ጋ ሄጃለሁ።

እሑድ ለሳሪሱ ሱቅሽ ያመጣሻቸውን የሌዘር መብራቶች አንድ በአንድ ስትሞክሪ፣ የአረንጓዴው ጨረር ከመስታወቱ ነጥሮ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «መብራት ነው ባክሽ፣ አይናከስም» አልሽኝ። አፍሬ አብሬሽ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ዓይኔ ሰው ሳይ መሃል ፊቱ ይጠቁርብኛል። ይህንንም የምጽፈው ቀኙን ጨፍኜ ነው።

አንቺን አልወቅስም።

ሌዘሮቹን ሳላስፈቅድሽ ለሐኪሙ ላሳየው ወስጃለሁ፤ ይቅርታ። የቀረ ካለሽ ወደ ሰውም ወደ መስታወትም አታብሪው። ለልጆች አትሽጪ፣ እባክሽ።

ማታ ሐኪሙ ያለውን አጥብቀሽ ጠይቂኝ። አንዴ ብቻ ከጠየቅሽኝ «ደህና ነኝ» ነው የምልሽ።

ሥርጉት