ለዴማርኮ፣ ስለ አባባ ኦርቪል ቀብር

ዴማርኮ፣

ቀድሜህ ሄጃለሁ። ሩዙና ዶሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ድፋው።

ትናንት የቡድኑ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቁምሳጥንህን ባዶ ሲያደርጉት አየሁ። ለዝውውር የተመዘገበ ተጫዋች ማሊያውን ይመልሳል አሉ። የአባባን ሬሳ የምንሸከመው ማሊያ ለብሰን ስለሆነ አፍረህ እንዳትቀር ሰጋሁ።

ገንዘብ ወደሚከፍልህ ዩኒቨርሲቲ በመዛወርህ አልፈርድብህም። ስለ ታማኝነት የሚሰብከን ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ደሞዝ እየተከተለ ስንት ዩኒቨርሲቲ ቀይሯል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አባባ ኦርቪል ስንት ዓመት ከየጨዋታው በፊት ቁርጭምጭሚታችንን በፋሻ ሲጠቀልሉልን ኖረው፣ ሆስፒታል ተኝተውም የሚጠይቁኝ ስላንተ ነበር።

«ያ ቀውላላ የት ጠፋ? አሁን እግሩን ማን ይጠቀልልለታል?»

«ልምምድ ላይ ነው» እያልኩ ዋሸሁ። አንተ አዲሱን ትምህርት ቤትህን ልታይ ሄደህ ነበር።

አንድ ቀን ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ውሸት አያምርብህም። ደህና ከፈሉት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሰይ! ታዲያ ከእኔ ምን ያስደብቀዋል?»

አንተም ሳትመጣ ሞቱ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶሊን «ማሊያ ባይኖረውም ይምጣ» ብለዋል። ጥቁር ኮቴን አልጋህ ላይ ትቼልሃለሁ፤ እጅጌው ያጥርሃል፣ ግን ልበሰው። ከቤተ ክርስቲያኑ የምንወጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከሬሳ ሳጥኑ ስድስት እጀታዎች በስተኋላ፣ በግራ በኩል ያለው ያንተ ነው። ካልመጣህ ሌላ ሰው አልተካም። አምስት ሆነን እንሸከማቸዋለን።

ኬለን