ትርፏ ምት

ሴንት ሎራን፣ ማኒቶባ
ጁን 14 ቀን 1979

ውድ ጋስፓር፣

አትደንግጥ፣ ማንም አልሞተም። ፖስታው ላይ የእኔን ጽሕፈት ስታይ መጀመሪያ የሚመጣብህ እሱ እንደሆነ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የነገርኩህ። የሐይቁ በረዶ ዘንድሮ ዘግይቶ ቀለጠ፤ ዓሣው ግን አላሳፈረንም። የጣሪያው ጥግ አሁንም ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠን ለምደነዋል።

ልጃችን ሮዛሊን ቅዳሜ ዕለት ተዳረች። የላክህላት የሐር ሻርፕ ደርሷታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ትከሻዋ ላይ ነበር። ከወደቡ ሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ ብለሃል፤ አምኜሃለሁ። ልጅህ ግን እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ስታይ ነበር። ክንዷን ይዘው ያስገቧት አባትህ ናቸው። ጫማቸውን ራሳቸው ወልውለው፣ ያንን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ እንኳን ሰማንያ ዓመት ስድሳም የሞላቸው አይመስሉም ነበር።

ሙሽራው ክሊፍ የዊኒፔግ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ይወዳታል። ሙዚቀኞቹን ያመጡት የእሱ ጓደኞች ናቸው። ምሳ ተበልቶ፣ የአክስትህ የኤርነስቲን የሥጋ ድብልብል ሾርባ ድስቱ እስኪራቆት ከተጠጣ በኋላ፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ወጣት ተነሣና «አሁን የሙሽራዋን አባት ዜማ እንጫወታለን» አለ። ከአንተ ሸክላ ነው ያጠናው። ምን ያድርግ፣ ዜማው የአባትህ ቢሆንም ሸክላው ላይ ያለው ያንተ ስም ነው። እኔ ግን ዞር ብዬ አባትህን ማየት አልቻልኩም።

ሽማግሌዎቹ ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ተነሡ። አባትህ ቫዮሊናቸውን ከሰቀሉ ወዲህ በዚያ ዜማ የጨፈረ ሰው የለም። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ሁለተኛው ሳይጀምር አባትህ የሚጨምሯት ያቺ ትርፍ ምት አለች አይደል? የእኛ እግር እሷን እየጠበቀ ነው ያደገው። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ወለሉን መቱ፤ ሙዚቃው ግን ጥሏቸው ሄዷል። ኤርነስቲን አብሯት ከሚጨፍረው ከኦኔሲም ጋር ተጋጨች። የከተማው ልጆች ሳቁ፤ ለክፋት አልነበረም። በሁለተኛውም ዙር እንደዚያው ሆነ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ አንዳንዱ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ያመመው ለመምሰል። በገዛ ድግሳችን እንግዳ ሆንን።

ይኼኔ አባትህ ተነሥተው ሄዱና ተጫዋቹን ልጅ ቫዮሊኑን እንዲያውሳቸው ለመኑት።

ያን ሸክላ ይዘህ ከመጣህበት ቀን ጀምሮ ቫዮሊን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ያን ቀን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙልህና «ጥሩ ዜማ ነው፤ የማን ነው?» አሉህ። አንተ የቀረጻ ክፍሉ ከበሮ መቺ ትርፏን ምት መከተል እንዳቃተው፣ ካላወጣሃት አንቀርጽም እንዳሉህ ልትነግራቸው አፍህን ከፈትክና ተውከው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ከሁለታችሁ አንዱ ያኔ ስቆ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ለአንድ ክረምት ብለህ ቫንኩቨር ሄድክ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

ሠርጉ ላይ አባትህ በራሳቸው አጨዋወት ጀመሩት። ሽማግሌዎቹ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። ትርፏ ምት ስትመጣ እግር ሁሉ ባንድ ላይ ወረደና መስኮቱ ነዘረ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚደናቀፉት ወጣቶቹ ሆኑ። ክሊፍ የሮዛሊንን ቀሚስ ረገጠ። መጀመሪያ ሳቀች። እንደገና ሲረግጣት መሳቁን ተወች፤ መሐል ወለል ላይ ቆማ አያቷን ታይ ጀመር። ልጅህ ዜማውን የምታውቀው ከሸክላው ነው፣ ጋስፓር። በናፈቅካት ቁጥር የምትሰማህ በእሱ ነበር፤ ሸክላው ተፍቆ እስኪያንቋርር ድረስ ነው የሰማችው። እግሯ ያደገው አንተ ባስተካከልከው ዜማ ነው።

አባትህ አዩዋት። ዜማው ዞሮ እዚያ ቦታ ሲደርስ ምቷን ተዉአት። ዘለሏት። ልክ እንደ ሸክላህ፣ ቀጥ አድርገው ተጫወቱት። የሽማግሌዎቹ እግር አየር ላይ ቀረ። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም ወደ ወንበሩ አልሄደም፤ ባሉበት ቆመው ሙሽራዋን አዩ። ኤርነስቲን እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ሮዛሊን ጨፈረች፣ ፊቷ በራ። አባትህ ቫዮሊኑን ለባለቤቱ መልሰው በአጠገቤ ሲያልፉ «ሙሽራ በሠርጓ ቀን መቆም የለባትም» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት የራሳቸውን ቫዮሊን ከግድግዳው አውርደው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ክፍል ይጫወቱና ያቆማሉ፤ ይጀምሩና ያቆማሉ። ሻይ ይዤላቸው ስወጣ «ጠፋችብኝ» አሉ።

«ምኗ፣ አባባ?»

«ያቺ ምት። አንዴ እዚህ ትመስለኛለች፣ አንዴ እዚያ። ሠርጉ ላይ እኮ መጣችልኝ፤ ከተውኳት ወዲህ ግን እንቢ አለች።»

ኤርነስቲንና ኦኔሲምን ጠራሁላቸው፣ በእግራቸው እንዲያሳዩአቸው። ከዚያ የባሰ ነገር የለም። እሷ አንድ ቦታ ትመታለች፣ እሱ ሌላ ቦታ። «እግርህ ስላረጀ ነው እንጂ እዚህ ጋ ነበረች!» አለችው። እሱም ከሷ ብሶ ተቆጣና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አባትህ የሁለቱንም እየሞከሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቫዮሊኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ጋስፓር ያውቃታል» አሉ። «ያወጣት እሱ ነው። ከየት እንዳወጣት ያውቃል።»

ስምህን ከአፋቸው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ሲሉትም ቁጣ አልነበረበትም፤ የሥራ መሣሪያ የት እንዳስቀመጥክ የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። ይህን ደብዳቤ ጻፊ አላሉኝም። ትናንት እራት ላይ ግን ቀና ሳይሉ፣ ፖስታ ቫንኩቨር ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ።

እኔ አልፈርድብህም። አንተ ስትሄድ ወጣት ነበርን፤ የሚጠፋ ነገር ያለ አልመሰለንም። አሁንም በቶሎ ና አልልህም፣ ሥራህን አውቃለሁ። ግን ጣታቸው ጠዋት ጠዋት አይታዘዝላቸውም፤ በስልክ ደግሞ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሠርጉ ላይ እኔ አልጨፈርኩም። ኦኔሲም ጋብዞኝ ነበር፤ ጫማዬ ጠቦኛል አልኩት።

ብትመጣ የምታርፍበት አለ። የሮዛሊን ክፍል ባዶ ሆኗል፤ አልጋውን አንጥፌዋለሁ። ወይም እንደፈለግህ።

እመቤታችን በዚያ ወደብ ከአጠገብህ አትለይ። እጅህን ከመርከቡ ገመድ ጠብቅ።

ፊሎሜን