በረደኝ ያልክበት የወንጂ መንገድ

ግርምዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ሚያዝያ አለፈ። ልጃችን ሜሮን በቁመት በልጣኛለች፤ ጫማዬ አሁን እሷን ይጠባታል። ጓሮ የተከልካትን ፓፓያ ነፋስ ገንድሶ ጣላት። ያንተን ወንበር ግን ከበረንዳው አላነሳሁትም፤ አቧራውን ጠዋት ጠዋት እጠርግለታለሁ፣ እስከ ማታ መልሶ ይለብሳል። አዳማን ታውቃታለህ።

እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምነግርህ አጥቼ አይደለም። ማንን ልክሰስልህ እንደሚገባኝ ሳላውቅ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው።

በየዓመቱ ሚያዝያ በሚደረገው የወንጂ ሩጫ የሞትክ ዕለት ጫማህንና ስልክህን በፌስታል ይዞልኝ የመጣው ዳዊት ነበር። ሞጆ ደረቅ ወደብ አብሮህ ይሠራ የነበረው፣ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ሲልህ ሩጫ ያስጀመረህ ዳዊት። ምን እንደሆንክ ስጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የመለሰልኝ።

"ከወንጂ ስንመለስ ተንገዳገደ። ውሃ ላፈስበት ስል እጄን ገፋው። በረደኝ አለኝ።"

በረደኝ። በሚያዝያ ፀሐይ፣ አስፋልቱ ከሥር እየለሰለሰ፣ ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ በካርቶን እያራገበ። አንተን በረደህ። ሐኪሙ ሙቀት ነው የገደለው ብሎኛል። ዳዊት ደግሞ በርዶት ነበር ይለኛል። ከሁለት አንዱ ይዋሻል ብዬ ያዝኩ።

እናትህ ከደራ መጥተው አርባህ እስኪወጣ አብረውኝ ነበሩ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ ክረምት ከበጋ ያለ ጋቢ ነው የሚተኛው። በረደኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ያ ሰው ምን እንዳጠጣው ጠይቂ" አሉኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን እውነት መሰለኝ።

ያንተ ውሸት ያስታውቅ ነበር። ልምምድ የጀመርክ ሰሞን እስከ ፍራንኮ ሰፈር ሮጬ መጣሁ ብለኸኝ፣ ለካ ባጃጅ ተሳፍረህ ማዕዘኑ ላይ ወርደህ የመጨረሻዋን ብቻ ነበር የሮጥካት። ላብ የሌለው ግንባርህን አይቼ ስስቅ አንተም ሳቅክ። የዳዊትን ፊት ግን ማንበብ አቃተኝ። የተበላሸውን የውሃ ታንከር ሳይጠየቅ መጥቶ ይሠራል፤ ሜሮንን በመኪናው ትምህርት ቤት ያደርሳል። ደግነቱ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዬ ባሰ። ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም እያልኩ፣ ሻይ አቅርቤለት እጁን አየዋለሁ። ጠርሙሱን የያዘው በየትኛው እጁ ይሆን እያልኩ።

አንድ ቀን የወደቅክበትን ቦታ ፍለጋ በወንጂ መንገድ ሄድኩ። የሸንኮራው ማሳ ከሚጀምርበት ዳር ጫልቱ የምትባል ሐብሐብ ሻጭ ጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። "አከም ጅርቱ" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለችኝ። ስለ ሩጫው ስጠይቃት አስታወሰች።

"አንዱ እዚህ ተቀመጠ። ጓደኛው ግን ትቶት ሮጠ" አለችኝ።

ትቶህ ሮጠ። ይህን ዳዊት አንድም ቀን አልነገረኝም። ቤት ሲመጣ በሩ ላይ አቁሜ ጠየቅኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "አምቡላንስ ልጠራ ነው የሄድኩት" አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መምጣቱን ተወ። መተውንም እንደ ማስረጃ ቆጠርኩበት።

ለዘንድሮው ሩጫ ምዝገባ ሲጀመር ዳዊት ዳግም መመዝገቡን ሰማሁ። ጓደኛው በሞተበት መንገድ ለመሮጥ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እንቅልፍ አጣሁ። እኔም ተመዘገብኩ። ለሜሮን ለጤናዬ ነው አልኳት፤ ጎህ ሲቀድ እየተነሳን አብረን ወራት ተለማመድን። እውነቱ ግን ከኋላው ሆኜ ላየው ነበር። እዚያ ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ።

የሩጫው ቀን፣ ሜሮን ቤት ቀርታ፣ ሯጮች በጠዋት ተሰለፍን። አላስጀመሩንም። የክብር እንግዳው እስኪመጣ ጠብቁ ተባለ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ ጥላችን አጠረ፣ እኛ እንደቆምን ነን። ያንተም ጊዜ እንዲሁ እንደነበር ከጎኔ የቆሙ ሰዎች ሲያወሩ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ዳዊት ከኋለኞቹ ጋር ነበር። ጎበዝ ሯጭ ሆኖ ሳለ ያዘግማል፤ በየጥቂቱ ዞር እያለ ወደ ኋላ ያያል። ፈርቶኛል አልኩ። ውሃ ይሰጥበታል የተባለው ቦታ ስደርስ ባዶ ጠርሙስ ብቻ ተበትኗል። ወንጂ ደርሰን ስንመለስ ነፋሱ ከፊት መጣ፤ የእሳት ወላፈን ነው የሚመስለው። ዓይኔን ከዳዊት ጀርባ አልነቀልኩም። እሱን ብቻ እያየሁ ስሮጥ ላቤ መቆሙን ልብ አላልኩም።

ከዚያ ቅዝቃዜ ክንዴን ወረረኝ። ፀጉሬ ሲቆም ይሰማኛል። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። የሸንኮራው ማሳ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሆነ ሰው ክንዴን ያዘኝ፣ ጠርሙስ ወደ ራሴ አነሳ። ሊገድለኝ ነው ብዬ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ጠርሙሱ ወድቆ ሲንከባለል አየሁ።

"ተወኝ" አልኩ። "በረደኝ።"

ግርምዬ፣ በአፌ ነው ያልኩት። እውነት በርዶኝ ነበር።

ሰውየው ዳዊት ነበር። በረደኝ ስል እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ግን አልለቀቀኝም። አቅፎ አስቀመጠኝና በጩኸት ሰው ጠራ። ጫልቱ ጥላዋን ይዛ መጣች። ከመንገዱ ማዶ ለስላሳ የሚሸጠው ሰውዬ በረዶ በባልዲ አመጣ። ስታገላቸው፣ ስሳደብ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ውሃ አፈሰሱብኝ፤ በረዶውን በነጠላ ጠቅልለው አንገቴና ብብቴ ውስጥ ከተቱ። አምቡላንሱን ሊጠራ የሄደው አንድ ባለ ባጃጅ ነው። አምቡላንሱ ለመምጣት ብዙ ቆየ፤ ሲደርስ ግን እኔ የልጄን ስም መናገር ችዬ ነበር።

ሐኪም ቤት፣ ሙቀት ክፉኛ የመታው ሰው በረደኝ እንደሚል፣ ስሙም እንደሚጠፋበት ሐኪሙ አስረዳኝ። ማታ ዳዊት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ነገረኝ።

"ያኔ አምቡላንስ ልጥራ ብዬ ሮጥኩ። ሰውም ውሃም አጠገቡ ስላለ አንዱ ያፈስበታል ብዬ ነበር። ስመለስ ማንም አልነካውም፤ በረደኝ ስላለ ተዉት። ዘንድሮ የመጣሁት ለመሮጥ አይደለም። ከኋለኞቹ ጋር ሆኜ የሚወድቅ ካለ ልይዝ ነው። አንቺን ሳይሽ ደግሞ…"

እጁን ያዝኩት።

ለእናትህ ደውዬ ነገርኳቸው። ሰሙኝና "አንቺንም አሳመነሽ" አሉ። አልፈረድኩባቸውም። እናት ናቸው፤ ልጃቸው ያለ ጥፋተኛ ሞተ መባሉን አይቀበሉም። ደግሞስ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ጥርጣሬዬ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። አዘጋጆቹ ቢሮ ሄጄ ለምን በጎህ አታስጀምሩም፣ ውሃውስ የት ገባ ብዬ ጠየቅኩ። አንደኛው ፈገግ ብሎ "የአየር ንብረቱ ነው እህቴ" አለኝ። ያኔም ዘንድሮም የአየር ንብረቱ ነው። አላመንኩትም። ፈገግታውንም አላመንኩትም። ዳዊትና እኔ፣ በዕለቱ የወደቁትን ሰዎች እየፈለግን እያነጋገርን ነው፤ ተሰብስበን እንመለስበታለን። ያኔ ፈገግ ይበል እስቲ።

እስከዚያው ግን የሚመጣውን ሚያዝያ እንዲህ አስበነዋል። እኔም ዳዊትም አንሮጥም። በጫልቱ ጥላ ሥር በርሜል ሞልተን፣ በረዶ አከማችተን፣ መንገዱ ዳር እንቆማለን። ሜሮንም ትመጣለች። የሚያልፈውን ሯጭ ሁሉ ስምህ ማነው፣ ስምሽ ማነው እያልን እንጠይቃለን። ስሙ የጠፋበትን፣ ቢገፋን፣ ቢሰድበን፣ በርዶኛል ቢለን እንይዘዋለን፤ አንለቀውም።

እነሱም መልሰው ስም መጠየቃችን ለምን እንደሆነ ሊጠይቁን ይችላሉ። ግርማ የሚባል ሰው ነበር ብዬ እጀምርላቸዋለሁ። ላብ በሌለው ግንባሩ ሮጬ መጣሁ የሚል ባል ነበረኝ እላቸዋለሁ። መንገዱ ላይ ሰው እስከሮጠ ድረስ ስምህን እዚያ እጠራለሁ።

ያንተው አልማዝ